መሬት ላራሹ፣ ድጎማስ ለማን?

በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ለበቆሎ ገበሬዎች ካሳ ከፈለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) መጠኑ ስንት ነበር መሰላችሁ? በቡሼል አንድ ሳንቲም።

አልተሳሳትኩም፣ አንድ ሳንቲም ነው። አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራቱ አንድ ኩንታል ይሞላሉ። ካሳው እንግዲህ በኩንታል አራት ሳንቲም መሆኑ ነው። አኩሪ አተር ላመረተ ደግሞ በቡሼል 1 ዶላር ከ65 ሳንቲም ተከፈለ። አምስት መቶ ኤከር በቆሎ፣ አምስት መቶ ኤከር አኩሪ አተር የዘራ አንድ የአዮዋ ክፍለ ሀገር ገበሬ እናስብ። (ኤከር ከጥማድ ተኩል ትንሽ ይበልጣል።) ከበቆሎው በኤከር 200 ቡሼል ቢያገኝ መቶ ሺህ ቡሼል ይሆናል፤ ካሳው አንድ ሺህ ዶላር ነው። ከአኩሪ አተሩ በኤከር 55 ቡሼል ቢያገኝ 27,500 ቡሼል ይሆናል፤ ካሳው ከ45 ሺህ ዶላር ያልፋል። ሰውዬው ያው፣ አፈሩ ያው፣ ዝናቡም ያው።

ምክንያቱ ቻይና ነበረች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በቻይና ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ጫኑ። ቻይናም በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ጭና መለሰች። ከዚያ በፊት አሜሪካ ወደ ውጭ ከምትሸጠው አኩሪ አተር 60 በመቶ ያህሉን የምትገዛው እሷ ነበረች። በቆሎ ግን እምብዛም አትገዛም ነበር። የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ቀረጡ በቀጥታ ያደረሰውን ጉዳት ብቻ አሰሉ። ለበቆሎ የደረሰው አንድ ሳንቲም ሆነ። የበቆሎ ገበሬው እንዴት እንደተንጨረጨረ ገምቱት።

በማግስቱ ዓመት ቀመሩ ተለወጠ። በሰብል ዓይነት መክፈል ቀረና በካውንቲ፣ በኛ ወረዳ እንደማለት ነው፣ ሆነ። ከተዘረዘሩት ሰብሎች የፈለግከውን ዝራ፤ ካውንቲህ የተተመነለትን በኤከር ትወስዳለህ። ትንሹ 15 ዶላር፣ ትልቁ 150 ዶላር ነበር። ማሳው ድንበር ላይ የሆነ ገበሬ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቱ በሌላ ዋጋ ሲከፈለው አየ። የሁለቱ ዓመት ክፍያ ተደምሮ 23 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ።

አዮዋ 99 ካውንቲዎች አሏት። ከመካከላቸው በስፋት የሚበልጠው ኮሱት ይባላል። በሰሜን፣ ከሚኒሶታ ድንበር ላይ ነው ያለው። ስሙ የተወሰደው ከሀንጋሪው የነፃነት መሪ ከላዮሽ ኮሹት ነው። ዋና ከተማው አልጎና ነው። ከሚኒያፖሊስ ወይም ከማንኬቶ ወደ ደቡብ በ169 አውራ ጎዳና የነዳችሁ ሰዎች ሳታስተውሉት አልፋችሁት ይሆናል። ግራ ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር፣ ከዚያ እንደገና በቆሎ፣ አልፎ አልፎ ረጃጅም የአሳማ ቤቶች። ሜዳው ጠረጴዛ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ያገራችን ገበሬ ቢያየው እፍኝ አንስቶ ያሸተዋል።

ኮሱት በበቆሎና በአኩሪ አተር ምርት ከአዮዋ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በድጎማም እንደዚያው። በ1940 ከ26 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። በ2020 ቆጠራ 15 ሺህ አልሞላም። ምርቱ በዚህ ሁሉ ዘመን ሲጨምር ነው የኖረው። የመንግሥት ገንዘብም አልተቋረጠም። ሰው ግን ሄደ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ነገር ነው። ገበሬን ገጠር ውስጥ ለማቆየት ተብሎ ዘጠና ዓመት ሙሉ ገንዘብ የሚፈስበት ቦታ እንዴት ባዶ ይሆናል?

መልሱን ከታሪኩ እንጀምር። በ1932 እና 33 ክረምት የአዮዋ በቆሎ ዋጋ ስለወደቀ ገበሬው ከሰል ከመግዛት በቆሎውን ምድጃ ውስጥ ማንደድ ይቀለው ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን ሲይዙ የእርሻ ሚኒስትር ያደረጉት የአዮዋውን ሄንሪ ዋላስን ነበር። የዋላስ መላ ቀላል ነበር። ምርት በዝቶ ዋጋ ከወደቀ፣ ምርቱ ይቀነስ፤ ለሚቀንስ ገበሬም ይከፈለው። በ1933 አሥር ሚሊዮን ኤከር ጥጥ ከነቡቃያው ተገለበጠ። ስድስት ሚሊዮን የአሳማ ግልገል ታረደ። ከተማ ውስጥ ሕዝብ ለዳቦ በተሰለፈበት ዓመት ማለት ነው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሕጉን ሻረው። ምክር ቤቱ በ1938 ሌላ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መልኩ እየተለዋወጠ እስካሁን አለ።

ስለ ዋላስ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሚኒስትር ከመሆኑ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ1926፣ የድቅል በቆሎ ዘር የሚሸጥ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ድርጅቱ በኋላ ፓይነር ተባለ። ምዕራብ ጎጃም ወይም ወለጋ በቆሎ የሚዘራ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ «ሊሙ ታውቃለህ? ሾኔስ?» በሉት። ሁለቱም የፓይነር ዘሮች ናቸው። ሰውዬው በአንድ እጁ ምርት የሚያበዛ ዘር ሸጠ፤ በሌላ እጁ ምርት እንዲቀንስ ከፈለ። የአሜሪካ የእርሻ ፖሊሲ እስከ ዛሬም እነዚህን ሁለት እጆች ይዞ ነው የሚሄደው።

የተረፈው እህልስ የት ሄደ? መንግሥት የሚገዛበትና የሚያከማችበት ተቋም እዚያው በ1933 ተቋቁሟል። መጋዘኑ ሞልቶ ሲፈስ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 ትርፉን እህል ለውጭ አገር በእርዳታና በብድር የሚሰጥ ሕግ ፈረሙ። በድርቅ ዘመን ኢትዮጵያ የገባው፣ ጆንያው ላይ የአሜሪካ ባንዲራ የታተመበት ስንዴ የዚህ ሕግ ልጅ ነው። እህሉ ከአሜሪካ ማሳ እንዲገዛ፣ ቢያንስ ግማሹም በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን ሕግ ያስገድዳል። በጎነት የለበትም አልልም። ነፍስ አድኗል። ግን የካንሳስን ገበሬ ለመርዳት ጭምር የተሠራ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ክፍያ። ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ከባድ አይደለም። ምክር ቤቱ ለየሰብሉ መነሻ ዋጋ ያወጣል። ለበቆሎ 3 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር፤ በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ 4 ዶላር ከ10 አደረገው። አኩሪ አተር ከ8 ዶላር ከ40 ወደ 10 ዶላር ወጣ። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከመነሻው በታች ከወረደ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል።

የሚከፍለው ግን ዘንድሮ ለዘራኸው አይደለም። «ቤዝ ኤከር» ለሚባለው ነው። ቤዝ ኤከር ማለት መሬቱ ድሮ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ምን ይዘራበት እንደነበር የተመዘገበ መዝገብ ነው። መሬቱ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፤ ሲወረስ አብሮ ይወረሳል። የበቆሎ ቤዝ ያለው መሬት ላይ አኩሪ አተር ብትዘራም የበቆሎውን ትወስዳለህ። ክፍያውም በቤዙ 85 በመቶ ይሰላል። መቶ ኤከር የበቆሎ ቤዝ አለህ እንበል። የተመዘገበው ምርት በኤከር 150 ቡሼል ነው። ዋጋው 3 ዶላር ከ60 ሆነ። ልዩነቱ 50 ሳንቲም ነው። 50 ሳንቲም በ150፣ ያ ደግሞ በ85፦ 6,375 ዶላር። እሱም ከበጀት ቅነሳ በፊት ነው። ገንዘቡ የሚገባው ሰብሉ ከታጨደ አንድ ዓመት አልፎ ነው። የ2025 ሰብል ክፍያ ኦክቶበር 2026 መሆኑ ነው። በዚያ መሀል ባንክ አበዳሪህ አይጠብቅህም።

ሌላም አማራጭ አለ። እሱ ደግሞ የካውንቲውን አማካይ ገቢ ያያል። የካውንቲው ምርትና ዋጋ ተባዝቶ ካለፉት አምስት ዓመታት ልማድ ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ለሁሉም ይከፈላል። ካልወረደ ለማንም አይከፈልም። እንግዲህ በረዶ የአንተን ማሳ ብቻ ቢያወድመው፣ ካውንቲው ደህና ከዋለ፣ ከዚህ ፕሮግራም አምስት ሳንቲም አታገኝም። በተቃራኒው አንተ አፍሰህ፣ ካውንቲው ከከሰረ፣ ቼክ ቤትህ ይመጣል። ለበረዶው የሰብል ኢንሹራንስ አለ። ከአረቦኑ በአማካይ 60 በመቶ የሚያህለውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ለኢንሹራንሱ ድጎማ የጣራ ገደብ የለም፤ ማን ምን ያህል እንደወሰደም በስም አይወጣም።

በእነዚህ ቀመሮች ውስጥ የሚደጋገመውን ቃል አስተዋላችሁት? ኤከር። «ስንት ቤተሰብ ታስተዳድራለህ?» የሚል የለም። «ዕዳ አለብህ?» የሚልም የለም። ያለህ ይጨመርልሃል፤ ገንዘቡ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል። መሬቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ እኛ አገር ብዙ ያስከፈለ ጥያቄ ስለሆነ ለኛ አዲስ አይደለም።

በኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» ብለው ሲወጡ በዓይናቸው የነበረው ሥዕል ግልጽ ነበር። ባላባቱ ከተማ ተቀምጧል፤ ጢሰኛው ያርሳል፤ ምርቱ ሲሶ ወይም እኩል ይካፈላል። ይህን ሥዕል ይዛችሁ አዮዋ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ሥዕሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከአዮዋ የእርሻ መሬት 58 በመቶው በኪራይ የሚታረስ ነው። አብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ኪራይ ነው፤ ግን እኩል የሚካፈሉም አሁንም አሉ። ሃምሳ ሃምሳ፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን ጭምር። ስሙ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ያው የኛ እኩል ነው።

ከዚያ ሥዕሉ ይገለበጣል። ጢሰኛው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኮምባይነር ላይ ተቀምጦ ሁለት ሺህ ኤከር ያርሳል። ባላባቱ ደግሞ ባሏ የሞተባት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት፤ መሬቷ 160 ኤከር ነው፤ እሱም ለባሏ ቅድመ አያት ከመንግሥት የተሰጠ ነው። ከአዮዋ መሬት ሁለት ሦስተኛው የ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች ንብረት ነው። ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው የሴቶች ነው። 84 በመቶው ዕዳ የለበትም። እኒህን አሮጊት «ፊውዳል» ብሎ መፈክር ማሰማት ለማንም ከባድ ነው። ጡረታቸው ያ መሬት ነው። የነርሲንግ ሆም ሂሳባቸው ከዚያ ነው የሚከፈለው።

ድጎማው በሁለቱ መሀል እንዴት ይከፈላል? እኩል ከሆነ ክፍያውም በውሉ መሠረት ይካፈላል፤ ባለመሬቷ ድርሻዋን ከመንግሥት በቀጥታ ታገኛለች። በጥሬ ገንዘብ ኪራይ ከሆነ ሕጉ «ሙሉው የአራሹ ነው» ይላል። መሬት ላራሹ ያልተሟላበት አገር፣ ድጎማ ላራሹ ተሟላ ማለት ነው። ጥሩ። ግን በሚቀጥለው ዓመት ምን ይሆናል? ኤከሩ ምን ያህል ድጎማ እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ገበሬም ያውቃል። «እኔ አሥር ዶላር ጨምሬ እከራያለሁ» ይላል። ኪራዩ ይወጣል። በ2009 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ከአንድ ዶላር ድጎማ ውስጥ 25 ሳንቲም ያህሉ በኪራይ በኩል ለባለመሬት እንደሚያልፍ አስልቷል። እኔ ቁጥሩ በየሰፈሩ ይለያያል ባይ ነኝ፤ የሚለካ ነገር መሆኑ ግን አያከራክርም።

ኪራይ ሲወጣ የመሬት ዋጋም ይወጣል። የአዮዋ መሬት በ2024 በአማካይ በኤከር ከ11,400 ዶላር በላይ ነበር። የኮሱት ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት «ማረስ እፈልጋለሁ» ቢል፣ አባቱ መሬት ከሌለው፣ 160 ኤከር ለመግዛት ብቻ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ስለዚህ የአዮዋ ዋና ከተማ ዴሞይን ሄዶ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ይቀጠራል። ሚስት ያገባል፤ ልጆቹ እዚያ ይማራሉ። የአልጎና ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይቀንሳል። ድጎማው ብቻውን አደረገው አልልም። ትራክተሩም፣ ድቅል ዘሩም፣ የከተማ ደመወዝም አሉበት። ግን ትልቁ ገበሬ የትንሹን መሬት እንዲጠቀልል ጉልበት የሰጠው ማን ነው ብትሉ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ቼክ ከተጠርጣሪዎቹ መጀመሪያ ይሰለፋል።

«ጣራ የለውም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለው። ለአንድ ሰው በዓመት 125 ሺህ ዶላር ነበር፤ አዲሱ ሕግ 155 ሺህ አደረገው። ሚስት ሌላ ጣራ አላት። እርሻው ሽርክና ከሆነ እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣራ አለው። ሸሪክ ለመሆን «በእርሻው በንቃት መሳተፍ» ይጠበቅበታል፤ ስልክ ደውሎ ስለ ዋጋ መመካከርም እንደ ተሳትፎ ሊቆጠር ይችላል። በ2018 የወጣው ሕግ የአጎት ልጅን፣ የወንድምና የእህትን ልጅ ጨመረበት። ልብ በሉ፣ እኛ ነን የቤተሰብ ትስስራችን ሰፊ ነው የምንባለው! የ2025ቱ ደግሞ ሌሎች የኩባንያ ዓይነቶችን እንደ ሽርክና ቆጠራቸው። የአዮዋው ሴናተር ቸክ ግራስሊ፣ ራሳቸው ገበሬ ናቸው፣ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ለብዙ ዓመታት ታግለዋል። ሴኔት ውስጥ ያልፍላቸውና የመጨረሻው ድርድር ላይ ይወድቅባቸዋል።

ውጤቱን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። ኢንቫይሮንሜንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት ለማን ስንት እንደተከፈለ በየካውንቲው ከነስሙ አውጥቶታል። ከ1995 ወዲህ ከሰብል ድጎማው 78 በመቶ ያህሉን የወሰዱት ከተቀባዮቹ የላይኞቹ 10 በመቶ ናቸው። ሰፈሩ ትንሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን አብሮህ የሚቀመጠው ሰው ስንት እንደወሰደ ታውቃለህ፤ እሱም ያንተን ያውቃል። ሁለታችሁም ስለ ዝናብ ታወራላችሁ።

ሌላ ጉዳይም አለ፤ እሱ ከኮሱት ይልቅ ወደ ደቡብ ክፍለ ሀገራት ይወስደናል። ፕሮግራሙን በየካውንቲው የሚያስፈጽመው ቢሮ በላዩ ኮሚቴ አለው። አባላቱን የሚመርጡት የካውንቲው ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰው። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ዋሽንግተን ያለ ሰው የአልጎናን አፈር አያውቅም፣ ጎረቤት ይወስን። ጎረቤት ግን ሁልጊዜ ጎረቤት አይደለም። በሚሲሲፒና በአላባማ ኮሚቴዎቹ የነጮች ነበሩ። ብድር የጠየቀ ጥቁር ገበሬ ማመልከቻው የመዝሪያ ጊዜ እስኪያልፍ ጠረጴዛ ላይ ያድር ነበር። በ1920 ከ900 ሺህ በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ 50 ሺህ አይሞሉም። በ1997 ክስ ተመሠረተ፤ በ1999 መንግሥት በስምምነት ጨረሰውና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። በ2010 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን ጨመረ። ገንዘቡ ሲመጣ ግን መሬቱ ተሸጦ አልቋል። ቤዝ ኤከሩም አብሮ ተሸጧል። ዛሬ የሚከፈለው ለገዛው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይቅር ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ኒውዚላንድ ሞክራዋለች። በ1984 ድጎማውን ባንድ ጊዜ ለማለት በሚቻል ፍጥነት አነሳች። ገበሬው ያልቅለታል ተብሎ ነበር። አላለቀለትም፤ ከሥራ የወጡት ጥቂቶች ናቸው። የወደቀው የመሬት ዋጋ ነበር። ይህ ታሪክ ለኔ ብዙ ይነግረኛል፤ አየሩ ከፊኛው ሲወጣ የት ተጠራቅሞ እንደነበር ይታያል። አሜሪካም በ1996 ሞክራ ነበር። «የማረስ ነፃነት» በሚል ስም ሕግ አወጡ፤ ድጎማው በሰባት ዓመት ቀስ እያለ እንዲያልቅ። በ1998 ዋጋ ወደቀ። ምክር ቤቱ «አስቸኳይ እርዳታ» ጨመረ። በ1999ም ጨመረ። በ2000ም ጨመረ። በ2014 እንደገና ቋሚውን ክፍያ አስቀሩ፤ በ2018 እንደገና አስቸኳይ መጣ። በ2020 የኮሮናውና የንግዱ ጦርነት እርዳታ ተጨምሮበት መንግሥት በጠቅላላ ለገበሬ የከፈለው 46 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከአገሪቱ የተጣራ የእርሻ ገቢ ግማሽ ያህሉ። አስቸኳይ የሚለው ቃል እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚያው በ2020 ጸደይ ከኮሱት በስተምዕራብ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ውስጥ ያለ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ በኮሮና ተዘጋ። የጤና ባለሥልጣናት ሠራተኞቹ የሚናገሯቸውን ዋና ዋና ቋንቋዎች ሲዘረዝሩ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ነበሩበት። አሳማው የሚበላው የዚህን አካባቢ በቆሎ ነው። አሳማውን የሚበልተው ያገራችን ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ኤከር የሌለው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በቅርቡስ? በ2025 ፊልሙ ከመጀመሪያው ታየ። አዲስ ቀረጥ ተጣለ፤ ቻይናም ከግንቦት ጀምሮ ወራት ሙሉ የአሜሪካ አኩሪ አተር መግዛት አቆመች። ከብራዚል ገዛች። በኦክቶበር መጨረሻ ሁለቱ መሪዎች ተገናኙና ቻይና ልትገዛ ተስማማች። ማሳው ግን ያኔ ታጭዷል። በቆሎ 4 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ማዳበሪያውና ማሽኑ ተወዶ ነበር። በዲሴምበር ትራምፕ 12 ቢሊዮን ዶላር እንደሚከፈል አስታወቁ። 11 ቢሊዮኑ እንደነ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ሩዝና ጥጥ ላሉት ነው። ምክር ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ገንዘቡ የመጣው በ1933 ከተቋቋመው፣ ድሮ ስንዴ ያከማች ከነበረው ያው ተቋም ነው።

በዚህኛው በቆሎ አንድ ሳንቲም አልሆነም። በኤከር 44 ዶላር ከ36 ሳንቲም ተተመነለት፤ አኩሪ አተር 30 ዶላር ከ88። ክፍያው ለተዘራ ኤከር ነው፤ ስለዚህ ለአራሹ ነው። መጀመሪያ ያሰብነውን ገበሬ እንመልሰው፤ አምስት መቶ በቆሎ፣ አምስት መቶ አኩሪ አተር። 37,620 ዶላር ይደርሰዋል። መሬቱ ሁሉ የኪራይ ከሆነና የአዮዋን አማካይ ኪራይ፣ በኤከር 274 ዶላር፣ የሚከፍል ከሆነ፣ የዓመት ኪራዩ 274 ሺህ ዶላር ነው።

የእርሻ ሚኒስቴሩ ቼኩ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 እጃችሁ ይገባል አላቸው። በአዮዋ የመሬት ኪራይ ዓመት የሚጀምረው በማግስቱ፣ ማርች 1 ነው።